ከጢስ ዓባይ ገደል እስከ ጣና ጭቃ፦ የአለት ንብብርና የቅሪተ አካል አነባበብ

ባሕር ዳር ዙሪያ አለት ለማየት የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የዚህ ድንጋይ ስም ማን ይባላል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ቆይቶ ይደረስበታል። አስቀድሞ መታየት ያለበት ሁለት ዓይነት ድንጋይ የሚገናኙበት መስመር ነው። ድንጋዩ በቦታው የሆነውን ነገር ይናገራል፤ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ፣ በሁለቱ መካከልም ጊዜ ሳይመዘገብ አልፎ እንደሆነ የሚናገረው ግን ድንበሩ ነው። ዕቃ ስትይዙም፣ ስትለኩም፣ ቅሪተ አካል ስትፈልጉም ዓይናችሁ ከድንበሩ አይነሳ።

ደንቡን ማንም ቤቱ ያውቀዋል። መሶብ ውስጥ ከተደራረበው እንጀራ ከታች ያለው ቀድሞ የተጋገረው ነው። ኒኮላስ ስቴኖ የተባለው የዴንማርክ ሊቅ በ1669 እ.ኤ.አ. ለአለት የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ደርብ በደርብ ላይ ሲያርፍ የታችኛው ቀዳሚ ነው። ውኃ ያስቀመጠው ደለል ሲጀመር ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፤ ዛሬ ዘንበል ብሎ ካገኛችሁት በኋላ የገፋው ነገር አለ። አንዱን ደርብ ቆርጦ የሚያልፍ ስንጥቅ ወይም የላቫ (ቀልጦ የሚፈስ ድንጋይ) ግድግዳ ከተቆረጠው ያነሰ ዕድሜ አለው። በአንድ ደርብ ውስጥ ተሰባብሮ የተቀበረ ጠጠር ደግሞ ከያዘው ደርብ ይበልጣል። እነዚህ አራቱ በቃል ከተያዙ ቀሪው ልምምድ ነው።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ቀልጦ የወጣ ድንጋይ አንዳንድ ጊዜ ወደ ላይ ሳይፈስ በሁለት ነባር ደርቦች መካከል ሾልኮ ገብቶ ይቀዘቅዛል። በመሶቡ መካከል በኋላ የተሰካ እንጀራ ማለት ነው። መለያው ቃጠሎው ነው። በምድር ላይ የፈሰሰ ላቫ የሚጠብሰው ከሥሩ ያለውን ብቻ ነው፤ ሾልኮ የገባው ግን ከታችም ከላይም ይጠብሳል። የላይኛውን ጠርዝ ሳታዩ «ይህ ፍሰት ነው» ብላችሁ አትጻፉ።

የሚያዘው ዕቃ

ባለ 5 ሜትር ሜትሮ፣ ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳስ (እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ ይፈሳል)፣ 10 ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ሁለት ሊትር ውኃ፣ በትንሽ ጠርሙስ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ፣ ፕሮትራክተር (ማዕዘን መለኪያ) ከመሃሉ በክር ከሚንጠለጠል ብሎን ጋር። በዚህ ላይ 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዱላ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ጥቁርና ነጭ ቀብታችሁ ያዙ። ዱላው መለኪያም ነው፤ ፎቶ ስታነሱም አጠገቡ ይቆማል። ምንም መለኪያ የሌለበት የገደል ፎቶ ቤት ከደረሰ በኋላ 2 ሜትር ይሁን 20 ሜትር የሚያውቀው አይኖርም።

መዶሻ ከያዛችሁ የዓይን መከላከያ መነጽርም ያዙ። ጥቁር ድንጋይ ሲመታ እንደ ብርጭቆ ስለታም ፍንጣሪ ይረጫል። ይህ ሲባል ግን መዶሻው ከሚታሰበው በጣም ያነሰ ሥራ ነው ያለው። ወድቆ የተሰበረ ድንጋይ በየቦታው ስላለ ገደሉን መምታት አያስፈልግም።

የስልክ ኮምፓስ እዚህ አገር ያታልላል። ጥቁሩ ድንጋይ ብረት አዘል ማዕድን ስላለበት መርፌውን ይስባል፤ አንዳንድ ቋጥኝ አጠገብ አቅጣጫው በብዙ ዲግሪ ይዞራል። ከአለቱ ሁለት ሦስት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ንባቡን ውሰዱ፤ ቦታ ቀይራችሁም ድገሙት። ሁለቱ ካልተስማሙ በፀሐይ መውጫና መግቢያ ተመሩ።

መጀመሪያ በጠርሙስ

ወደ ገደል ከመሄድ በፊት አንድ ማታ ቤት ውስጥ ይሠራ። የአንድ ሊትር ጥርት ያለ የውኃ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን ከወንዝ ዳር በመጣ አፈር ሙሉት። አሸዋም ጭቃም ያለበት ይሁን። ውኃ ጨምራችሁ ክዳኑን ዝጉና አንድ ደቂቃ ሙሉ በደንብ በጥብጡት፤ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ እጃችሁን አንሱ።

10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ዲያሜትሩ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ ደቃቅ አሸዋ በ11 ሰከንድ ገደማ ታች ይደርሳል። 0.01 ሚሊ ሜትር የሆነ ደለል 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። 0.001 ሚሊ ሜትር የሆነው የሸክላ ቅንጣት ግን ከአንድ ቀን በላይ፣ ወደ 30 ሰዓት ይወስዳል። ቅንጣቱ በ10 እጥፍ ሲያንስ ጊዜው በ100 እጥፍ ይረዝማል። ገደል ላይ ከታች ሻካራ ጀምሮ ወደ ላይ እየላመ የሚሄድ ደርብ ስታዩ አንድ ጎርፍ መጥቶ እየተረጋጋ እንደሄደ የምትረዱት ከዚህ ነው። ደርቡ ተገልብጦ ከሆነም ሻካራው ጎን ያጋልጠዋል።

ሙከራው የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አፈሩ ብቻውን መረሬ ከሆነ ደርብ አይለይም፣ ሁሉም አንድ ጥቁር ጭቃ ይሆናል፤ ግማሽ በግማሽ አሸዋ ቀላቅሉበት። ሸክላው ደግሞ እርስ በርሱ እየተያያዘ እንደ ጥጥ ከተንሳፈፈ በኋላ ቶሎ ይወድቃል፤ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ብታደርጉበት ይለያያል። ጨው ግን እንዳይገባ፤ ጨው የሸክላን ቅንጣት ይበልጥ ያያይዛል።

ጢስ ዓባይ ላይ

ከባሕር ዳር በደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ይወርዳል። ለውኃው ውበት የሚሄድ መስከረምን ይመርጣል፤ ለአለቱ የሚሄድ ግን ከጥር እስከ ሚያዝያ ይሂድ። ያኔ ጢሱ ይቀንሳል፣ መንገዱ አያዳልጥም፣ ግድግዳውም ይታያል። ከግድግዳው ሥር አትቁሙ፤ የተንጠለጠለ ድንጋይ ካያችሁ ቢያንስ የገደሉን ቁመት ያህል ራቁ።

እዚህ የምታዩት ባዛልት ነው፤ ቀልጦ በሸለቆው ውስጥ የፈሰሰና የቀዘቀዘ ጥቁር ድንጋይ። አንድ የላቫ ፍሰት ሦስት አካል አለው። ሥሩ የተሰባበረና የተድቦለቦለ ነው፤ ፍሰቱ እየቀዘቀዘ ሲንከባለል ከፊቱ የጣለውን ራሱ ረግጦት ያለፈበት። መሃሉ ጠጣር ነው፣ ብዙ ጊዜም ቀጥ ብለው በቆሙ ምሶሶዎች ተሰነጣጥቋል። አናቱ አረፋ ነው፤ ጋዙ ወደ ላይ ሲሸሽ ድንጋዩ ስለያዘው ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል።

የአረፋውን ቀዳዳ መጠን በእህል ጻፉት፤ ፈጣንም ነው፣ ማንም አይሳሳትም። ጤፍ የሚያህል፣ ሽንብራ የሚያህል፣ ባቄላ የሚያህል። በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ከታች ወደ ላይ እየመዘገባችሁ ስትወጡ ቀዳዳው እየበዛ፣ ከዚያ ድንገት ቆሞ እንደገና ጠጣር ወይም ስብርባሪ ድንጋይ ከጀመረ አንድ ፍሰት አልቆ ሌላ ጀምሯል። ያ መስመር ነው የመጣችሁበት ጉዳይ።

መስመሩን ቀርባችሁ በብሩሽ ጥረጉት። የላይኛው ፍሰት በቀጥታ በታችኛው አረፋ ላይ ካረፈ፣ በመካከልም ምንም ከሌለ፣ ሁለቱ ተከታትለው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። በመካከላቸው እንደ ገል የቀላ ስስ አፈር ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ አፈር የታችኛው ድንጋይ በዝናብና በፀሐይ ተበልቶ የሆነ ነው፤ ሣር በቅሎበታል፣ ሥር ሰዶበታል፤ ከዚያ አዲስ ላቫ መጥቶ እንደ ሸክላ ጠብሶታል። ውኃ አርከፍክፉበትና በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ፤ ቀጫጭን ወደ ታች የሚወርዱ፣ እየቀጠኑ የሚሄዱ ቱቦዎች ካሉ የጥንት ሥር አሻራ ናቸው። የአፈሩን ውፍረት በሴንቲ ሜትር ጻፉ፤ ግን ከውፍረቱ ብቻ ተነስታችሁ ዓመት አትቁጠሩ። አፈር የሚፈጠርበት ፍጥነት እንደ ዝናቡና እንደ ተዳፋቱ ይለያያል።

እዚህ ቦታ ላይ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚሳሳቱበት ነገር ስንጥቁን ደርብ ብሎ መቁጠር ነው። ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል፤ አግድምም ቀጥ ብሎም። መለያው ቀላል ነው፦ ከስንጥቁ በላይና በታች ያለው ድንጋይ አንድ ዓይነት ከሆነ ስንጥቅ ነው። ቀለሙ፣ ቀዳዳው ወይም ቅንጣቱ ከተለወጠ ደርብ ነው። ሌላው አሳሳች እንደ ሽንኩርት እየተላጠ የሚወርደው ክብ ድንጋይ ነው። ያ ዝናብ ከጥጉ እየገባ ያበሰበሰው ባዛልት እንጂ ደለል አይደለም፤ የዳይኖሰር እንቁላልም አይደለም።

ከታች ወደ ላይ መሳል

የንብብሩን (የደርቦቹን መደራረብ) ሥዕል ሁልጊዜ ከታች ጀምሩ፤ ቁጥሩም ከታች ይጀምር። ከላይ ቁጥር ጀምሮ በመሃል የገለበጠ ሰው ደብተሩ አንድ ሳምንት ሳይሞላው ለራሱም ግራ ይሆንበታል። 1 ሜትር ገደል በደብተሩ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለእያንዳንዱ ደርብ ውፍረቱን፣ ቀለሙን፣ የቅንጣቱን ወይም የቀዳዳውን መጠን፣ ከላይ ያለው ድንበር ስለት ነው ወይስ ቀስ እያለ የሚለወጥ ወይስ የተቦረቦረ መሆኑን፣ የፎቶውንም ቁጥር ጻፉ። ቀለም የሚጻፈው ድንጋዩን አርጥቦ ነው፤ ደረቅ ድንጋይ አቧራው ያሳስታል።

ቁመት ለመለካት ገደሉ ላይ መንጠልጠል አያስፈልግም። በመንገዱ ዳር ቆማችሁ ግማሽ ውኃ ያለበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ በጎኑ አስተኝታችሁ ዓይናችሁ ላይ ያዙ፤ የውኃው ፊት አግድም ስለሆነ በዚያ መስመር አሻግራችሁ ስትመለከቱ ከዓይናችሁ እኩል ያለውን ቦታ ታገኛላችሁ። ከእግር እስከ ዓይናችሁ 1.60 ሜትር ከሆነ ያ ነጥብ ከቆማችሁበት 1.60 ሜትር ከፍ ይላል። ወደዚያ ውጡና ድገሙት። ነጥቡ ከ5 ሜትር በላይ እንዳይርቅ፤ በ5 ሜትር ላይ የ2 ዲግሪ ስህተት 17 ሴንቲ ሜትር ያሳጣል፣ አሥር ጊዜ ሲደገም ደግሞ የአንድን ሰው ቁመት ያህል ይሆናል።

ደርቡ ያዘነበለ ከሆነ በእግር የለካችሁት ርቀት እውነተኛው ውፍረት አይደለም። ክርና ብሎን ያለበትን ፕሮትራክተር ደርቡ ላይ አስደግፋችሁ ዝንባሌውን አንብቡ። በጠፍጣፋ መሬት ላይ በዝንባሌው አቅጣጫ የሄዳችሁትን ርቀት ለ10 ዲግሪ በ0.17፣ ለ20 ዲግሪ በ0.34፣ ለ30 ዲግሪ በ0.5 አባዙ። 20 ሜትር ሄዳችሁ ዝንባሌው 30 ዲግሪ ከሆነ የደርቡ ውፍረት 10 ሜትር ነው።

ከተማው ዙሪያ ያሉ የድንጋይ ካባዎች ለዚህ ልምምድ በጣም ጥሩ ናቸው፤ ግድግዳቸው ትኩስ ስለሆነ ቀለሙ ይለያል። ሳታስፈቅዱ አትግቡ፣ ድማሚት የሚፈነዳበትን ቀን ጠይቁ፤ በክረምት ግን ጨርሶ ይቅርባችሁ።

ቅሪተ አካል የት አለ፣ የት የለም

ባዛልት ቀልጦ ሲፈስ ሙቀቱ 1,100 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ነው። አጥንትም ቅጠልም አይተርፈውም። ስለዚህ ጥቁሩን ድንጋይ እየፈለጡ ቅሪተ አካል መፈለግ ድካም ነው። የሚፈለገው በሁለት ላቫ መካከል በተቀመጠው ነገር ውስጥ ነው፦ በእሳተ ገሞራ አመድ፣ በጥንት ሐይቅ ጭቃ፣ በወንዝ አሸዋ፣ በድንጋይ ከሰል ውስጥ። እንደገና ድንበሩ ጋ ተመለስን።

ለዚህ ከጣና ሰሜን ምዕራብ ካለው ከጭልጋ የተሻለ ምሳሌ የለም። ጎንደርን አልፎ በአይከል አካባቢ በላቫዎች መካከል የሐይቅና የወንዝ ደለል፣ አመድና ከሰል ተደራርቦ አለ። ከዚያ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው ቅጠሎች፣ ግንዶችና የእንስሳት አጥንቶች ተገኝተዋል። አንዱ አርሲኖይቴሪየም ነው፤ አፍንጫው ላይ ጎን ለጎን የበቀሉ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች ያሉት፣ አውራሪስ የሚመስል ግን ዝምድናው ወደ ዝሆን የሚቀርብ እንስሳ። የጥንት ዝሆን ዘመዶችም በብዛት አሉ፤ ከነሱ አንዱ ቺልጋቴሪየም ተብሎ በቦታው ስም ተሰይሟል። ያኔ አፍሪካ ከእስያ ጋር ገና አልተገጣጠመችም ነበር። ስለዚህ በዚያ ደርብ አንበሳም ሚዳቋም አይገኝም፤ ቅድመ አያቶቻቸው ገና ባሕሩን አልተሻገሩም። ቅሪተ አካል ዕድሜ ይናገራል ሲባል እንዲህ ነው፤ ያለው እንስሳ ብቻ ሳይሆን የሌለውም ይቆጠራል።

ለተራ ዓይን ቅሪተ አካል የሚመስሉ ነገሮች በጣና ዙሪያ ሞልተዋል። በአረፋው ቀዳዳ ውስጥ ውኃ ያስቀመጠው ነጭ ማዕድን ጥርስ ይመስላል፤ ሲሰበር ውስጡ የሚያብረቀርቅ ጠፍጣፋ ገጽ ወይም ከግድግዳው ወደ መሃል የበቀለ መርፌ ካሳየ ማዕድን ነው። በስንጥቅ ፊት ላይ የተዘረጋ ጥቁር የፈርን ቅጠል የሚመስል ሥዕል የማንጋኒዝ ዝቃጭ ነው፤ ቅጠል መሃል ላይ አንድ ዋና ጅማት ይኖረዋል፣ ይህ ግን የለውም። ለአጥንት የተሰበረውን ጫፍ ተመልከቱ። ዳሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ መሃሉ እንደ ማር እንጀራ ባለ ቀዳዳ ከሆነ ተስፋ አለው። የላቫ አረፋ ግን ዳር ከመሃል አይለይም። ድንጋይ የሆነ ግንድ ከሆነ ደግሞ የተቆረጠው አናቱ ላይ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄዱ ጨረሮች በአጉሊ መነጽር ይታያሉ።

አቼቶውም በጥንቃቄ ይሁን። በኖራ ድንጋይ ላይ በቢላ ትንሽ ዱቄት ፍቃችሁ ጠብ ስታደርጉ ይፈላል፤ ሳይፈቀፈቅ ግን ኮምጣጣነቱ ደካማ ስለሆነ ላይታይ ይችላል። ባዛልት አይፈላም። ቀዳዳውን የሞላው ነጭ ካልሳይት (ኖራ ድንጋይ የሚሠራበት ማዕድን) ግን ይፈላል፣ ብዙ ሰውም ከዚህ ተነስቶ ጥቁሩን ድንጋይ «ኖራ ነው» ብሎ ይጽፋል። ጠብታው የት እንዳረፈ አስተውሉ።

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የምትወርዱ ከሆነ በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል ያለው የዓባይ በረሃ በአስፋልት ዳር የተከፈተ ንብብር ነው። ከድልድዩ ጀምራችሁ ወደ ላይ አንብቡት፦ የወንዝ አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ጀሶና ሸክላ፣ ከዚያ ወፍራም የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጭቃማ ደርብ፣ እንደገና አሸዋ ድንጋይ፣ አናቱ ላይ ባዛልት። ጀሶ የሚቀረው ጥልቀት የሌለው ጨዋማ ውኃ ሲተን ነው፤ ባሕር ገና ሲገባ ሲመለስ የነበረበት ዘመን። በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ያሉት የባሕር ዛጎሎች፣ ኮራሎችና የባሕር ጃርቶች ባሕሩ ሙሉ በሙሉ እንደገባ ይመሰክራሉ፤ ዘመኑ ጁራሲክ፣ ከዛሬ 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት። ይኸው ደርብ ስሙን ያገኘው በትግራይ ካለው ሕንጣሎ ነው። ሁለቱ ቦታዎች ይህን ያህል ተራርቀው ሳለ የአንድ ባሕር ወለል መሆናቸው የታወቀው በደርቡ ቅደም ተከተልና በዛጎሎቹ ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ስሚዝ በ1815 እ.ኤ.አ. የአገሩን የአለት ካርታ የሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

ከላይኛው አሸዋ ድንጋይና ከባዛልቱ መገናኛ ጋ ስትደርሱ ቁሙ። መስመሩ በአንድ መዳፍ ይሸፈናል፤ በውስጡ ግን በብዙ አሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት ጠፍተዋል፤ የወደቀው ሁሉ ታጥቦ ሄዷል። በዚያ መንገድ የጭነት መኪና ስለሚበዛ መኪናችሁን ሰፊ ቦታ ላይ ብቻ አቁሙ፤ ጠመዝማዛው ላይ በፍጹም አትውረዱ።

ሐይቁ ራሱ ሲነበብ

ጣና ዛሬ በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ጥልቅ ክፍል ጭቃውን በቱቦ አውጥተው ከታች ወደ ላይ ሲያነቡት ያገኙት ይህ ነው። ከሁሉ በታች ደርቆ የጠጠረ ደለል አለ፤ ከዛሬ 18,700 እስከ 16,700 ዓመት በፊት ሐይቁ ደርቆ ነበር። በላዩ የደንገል ብስባሽ አለ፤ ታንኳ የሚሠራበት ያው ደንገል እስከ 15,100 ዓመት በፊት ድረስ የሐይቁን መሃል ረግረግ አድርጎ ሸፍኖት ነበር። ቀጥሎ ጨዋማነትን የሚወዱ ዳያተሞች ይመጣሉ። ዳያተም ዓይን የማያየው፣ ቅርፊቱ እንደ ብርጭቆ ከሲሊካ የሆነ የውኃ ተክል መሰል ፍጡር ነው። ውኃው እየሞላ ነበር፣ ግን መውጫ ስላልነበረው ሲተን ጨው ተወበት። ከዚያ በ14,750 ዓመት ገደማ ድንገት የጣፋጭ ውኃ ዳያተሞች ተተኩ፤ ሐይቁ ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰ ማለት ነው። አራት ደርብ፣ ሦስት ድንበር፤ እያንዳንዱ ድንበር የአንድ አገር ለውጥ ነው። ዛሬ ሐይቁን እያስጨነቀ ያለው እምቦጭም ብስባሹንና የአበባ ዱቄቱን በዚሁ ጭቃ ላይ እየጨመረ ነው።

በባሕር ዳር ዳርቻ ከዚህ ሥራ ትንሿን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ሐይቁ ዝቅ በሚልበት በግንቦት ውጡ። ጭቃውን ባዶ እግር አትርገጡ፤ የጣና ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዚያ ያስተላልፋሉ፣ ቦት ጫማና ጓንት ግድ ነው። አንድ ካሬ ሜትር በገመድ ከልሉና በውስጡ ያሉትን ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች ቁጠሩ። ክዳኖቹ ተያይዘው በጭቃው ውስጥ ቆመው ከተገኙ እንስሳው እዚያው ኖሮ እዚያው የሞተ ነው። ተለያይተው ጉብታቸውን ወደ ላይ አድርገው ከተኙ ማዕበል አምጥቷቸዋል፤ የተደፋ ሣህን ውኃ አይገለብጠውም፣ የተከፈተውን ግን ይገለብጠዋል። በዓባይ በረሃ ኖራ ድንጋይ ላይም የምትጠይቁት ጥያቄ ይኸው ነው።

ዕድሜው በገመድ

ደርብ ቅደም ተከተልን ይሰጣል፤ ዓመት የሚሰጠው ቤተ ሙከራ ነው። ለእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከፖታሲየም-40 መፍረስ የተጠራቀመው አርገን ጋዝ ይለካል፤ የፖታሲየም-40 ግማሹ የሚፈርሰው በ1,250 ሚሊዮን ዓመት ነው። ለደንገል ብስባሽና ለእንጨት ከሰል ካርቦን-14 ይሠራል፤ ግማሽ ዕድሜው 5,730 ዓመት ስለሆነ ከ50,000 ዓመት በላይ አይሄድም። የጭልጋን አጥንት በካርቦን መለካት እንደማይቻል ከዚህ ግልጽ ነው፤ ዕድሜው የተገኘው አጥንቱን ከያዘው ደለል ጋር ከተደራረበው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው።

34 ሜትር ገመድ በትምህርት ቤት ሜዳ ዘርጉ። 1 ሜትር 1 ሚሊዮን ዓመት፣ 1 ሚሊ ሜትር 1,000 ዓመት ይሁን፤ አንዱ ጫፍ ዛሬ ነው። በሌላው ጫፍ፣ 34 ሜትር ላይ፣ በጣና ዙሪያ ከተለኩት ላቫዎች ጥንታዊው ይውላል። ከ31.1 እስከ 30.8 ሜትር ባለው 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ግዙፍ ፍንዳታዎች መሬቱን አስምጠው የጣናን ጎድጓዳ ፈጠሩ። 27 ሜትር ላይ የጭልጋ እንስሳት ናቸው። ከዚያ ወደ ዛሬው ጫፍ ረጅም ባዶ መንገድ ሂዱ። 3.3 ሴንቲ ሜትር ሲቀር በጣና አካባቢ ካሉት ወጣት አረፋማ ባዛልቶች አንዱ ፈሰሰ። 1.5 ሴንቲ ሜትር ሲቀር ደንገሉ በውኃ ተሸፈነ። በ1626 እ.ኤ.አ. በጢስ ዓባይ አጠገብ የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ከጫፉ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእርሳስ ነጥብ እንኳ አይለይም። በዚሁ ልክ የዓባይ በረሃን ዛጎሎች ለማሳየት 160 ሜትር ገመድ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ካገኛችሁ

አታንሱት። ቦታውን ያጣ ቅሪተ አካል ደርቡን ያጣ ነው፤ ከየትኛው ድንበር በላይ እንደነበር ካልታወቀ ዕድሜውን የሚመልስለት የለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቀው ያዛል፤ ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው።

ዱላውን አጠገቡ አድርጋችሁ ሦስት ፎቶ አንሱ፦ አንድ ከ30 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ከ3 ሜትር፣ አንድ ገደሉ ሙሉ የሚታይበት ከሩቅ። የስልካችሁን ጂፒኤስ ቁጥር ገልብጣችሁ በደብተር ጻፉ፤ ስልክ ይጠፋል። ከላይና ከታች ካለው ድንበር በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚርቅ ለኩ። ተጣብቆ ያለ ከሆነ ወይም ከድንጋዩ ወድቆ ከሆነ ያንን ለዩና ጻፉ፤ የወደቀ ከሆነ ቀና ብላችሁ ከየትኛው ደርብ ሊወርድ እንደሚችል ፈልጉ። ዝናብ የሚመጣ ከሆነ በዚያው ቦታ አፈር በስሱ ሸፍኑት፤ ፕላስቲክ አታልብሱት፣ ላቡ ያፈርሰዋል። ሙጫም አትቀቡት። ከዚያ ደብተሩንና ፎቶዎቹን ይዛችሁ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ፤ የሥዕሉን ኮፒ ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምድር ሳይንስ መምህራን ብታደርሱ ደግሞ ደርቡን አይቶ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመጣል።